በዐቢይ ጾም ልኳንዳ የገባው ካርድ

ይህን ሳወራ ቅደም ተከተሉን ተሳስቼ ይሆናል። እንደኔ ቀጤማ ራሱ ላይ አስሮ የነበረው የባንኳ ልጅ ትሁን ወይስ የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ይሁን፣ አሁን ማል ብባል አልምልም። በሬው መተኛቱን ግን እርግጠኛ ነኝ።

የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር። ከተጋባን የመጀመሪያው ፋሲካ ነው፤ ከባለቤቴ ከሶስና ጋር በገዛ ቤታችን በዶሮ መፈሰክ ፈለግሁ። ዶሮው ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል።

ጣጣው የመጣው ከጥንቃቄዬ ነው። የባንክ ካርዴን የወር መግለጫ አሳትሜ መስመር በመስመር የማነብ ሰው ነኝ። ቅዳም ሹር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቀጤማችንን አስረን እንደተመለስን፣ አንድ መስመር ላይ ቆምኩና ጮክ ብዬ «‹መንበሩ ልኳንዳና ሬስቶራንት› ምንድን ነው?» አልኩ። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ሶስና ወረቀቱን ተቀብላ ቀኑን አየች።

«ዓርብ» አለች። «በዐቢይ ጾም። ልኳንዳ። ጥሬ ነው የበላኸው ወይስ ጥብስ?»

«የማላውቀው ቤት ነው።»

«ካርድህ ግን ያውቀዋል።»

«የዚያን ዕለት ከፍሬዘር ጋር የጾም ቡፌ ነው የበላነው። እሱን ጠይቂው።»

«የሥራ ጓደኛህ አይደል? ምን እንዲል ነው የምትጠብቀው?»

ሽንኩርት ሊልጡልን የመጡት እናቷ፣ እትዬ የሺመቤት፣ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጾም የሚገድፍ ሰው እንኳ ቢያንስ በጥሬ ብር ይከፍላል።»

ሶስና ፈረደች። ባንኩ ራሱ ካላስረዳት አታምንም፤ ካላመነች ዶሮው አይሠራም፤ እሷም ከእናቷ ጋር ሄዳ እዚያው ትፈስካለች። እኔ ከዶሮው ጋር እቀራለሁ።

ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መግለጫውን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው።

«የካርድ ጉዳይ የካርድ ክፍል ነው።»

«የካርድ ክፍል የት ነው?»

ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች።

«ታዲያ ስልክ ደውለሽ ብትጠይቂልኝስ?»

አዝለሽ ፎቅ አውጪኝ ያልኳት ይመስል አየችኝ። «እነሱ መርምረው ካላሳወቁን እኛ ለደንበኛ አናስረዳም።»

እንግዲህ የካርድ ክፍሉ ካልመረመረ ቅርንጫፉ አያስረዳም፤ ቅርንጫፉ ካላስረዳ ሶስና አታምንም፤ ሶስና ካላመነች ዶሮው አይሠራም።

ላይ ወጣሁ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ፊቱም እንደ ጠረጴዛው።

«ደረሰኝ» አለ።

«ደረሰኝ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ደረሰኝ የምጥል ሰው አይደለሁም። የዚያን ዕለቱን ግን ፍሬዘር አጥፎ ጥርሱን ጎርጉሮበታል።

እንግዲህ ደረሰኝ ከሌለ የካርድ ክፍሉ አይመረምርም፤ የካርድ ክፍሉ ካልመረመረ ቅርንጫፉ አያስረዳም፤ ቅርንጫፉ ካላስረዳ ሶስና አታምንም፤ ሶስና ካላመነች ዶሮው አይሠራም።

የጾም ቡፌውን የበላንበት ቤት ሾላ አካባቢ ነው። ባለቤቷ እትዬ አመለወርቅ ትሪ እየወለወሉ አገኘኋቸው።

«የደረሰኝ ቅጂ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። «በካርድ ነው የከፈልኩት።»

«እኛ ካርድ አንቀበልም። ማሽኑም የለን።»

«በዚያ ዓርብ ግን ነበራችሁ። እዚህ ጋ፣ ከሶፍቱ ጎን ተቀምጦ ነበር።»

ከእኛ በቀር ሰው በሌለበት ቤት ዙሪያቸውን ቃኙ። «የሰው ነገር ነው። ጋሽ መንበሩ ሳይፈቅዱልኝ ከአፌ አንዲት ቃል አይወጣም።»

«የልኳንዳው መንበሩ?»

«ብዬሃለሁ እኮ፤ አንዲት ቃል።»

ሚስጥር ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው። እንግዲህ ጋሽ መንበሩ ካልፈቀዱ እትዬ አመለወርቅ አይናገሩም፤ እሳቸው ካልተናገሩ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ የካርድ ክፍሉ አይመረምርም፤ የካርድ ክፍሉ ካልመረመረ ቅርንጫፉ አያስረዳም፤ ቅርንጫፉ ካላስረዳ ሶስና አታምንም፤ ሶስና ካላመነች ዶሮው አይሠራም።

ልኳንዳው ከጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጾሙን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ በር፣ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ አስፋልቱን ዘግቶ የተኛ ቀይ በሬ፣ ከበሬው ራስጌ ገመድ የጨበጡ አንድ ወፍራም ሰው። ጋሽ መንበሩ እሳቸው ነበሩ። ከኋላቸው ታክሲዎች ጥሩምባ ይነፋሉ።

«ጋሼ፣ ስለ ካርድ ማሽኑ አንድ ነገር...»

«በሬዬ አስፋልት ላይ ተኝቶ ስለ ማሽን አታውራኝ።»

«በዱላ ነካ ቢያደርጉትስ?»

«የተደበደበ በሬ ሥጋው ይጠቁራል። ከዚያ ማን ይገዛኛል? አንተ?»

«እኔማ የእርስዎን ሥጋ በጾም በልተሃል ተብዬ ነው የመጣሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። አንድ የታክሲ ሹፌር በመስኮት ብቅ አለና «ባለ ቀጤማው፣ ዝም ብለህ ከምትቆም ወይ ግፋው ወይ ዘምርለት» አለኝ።

ገፋሁት። በሬው ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ገመዱንም አብሬ ጎተትኩ፤ እጄ ተላጠ እንጂ እሱ አልተነሣም።

እንግዲህ በሬው ካልተነሣ ጋሽ መንበሩ አይፈቅዱም፤ ጋሽ መንበሩ ካልፈቀዱ እትዬ አመለወርቅ አይናገሩም፤ እሳቸው ካልተናገሩ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ የካርድ ክፍሉ አይመረምርም፤ የካርድ ክፍሉ ካልመረመረ ቅርንጫፉ አያስረዳም፤ ቅርንጫፉ ካላስረዳ ሶስና አታምንም፤ ሶስና ካላመነች ዶሮው አይሠራም። የተማሩ ሰዎች በፎቅ ላይ ፎቅ የሠሩበት ተቋም፣ የእኔም ትዳር፣ በአንድ በሬ መቀመጫ ላይ ቆመዋል።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ አክፍሎት ነው። ትንፋሽ ልሰበስብ ከበሬው ፊት ቁጢጥ አልኩና አንገቴን ደፋሁ። በሬው አንገቱን ሰገግ አደረገ። እኔን አይደለም ያየው፤ ራሴ ላይ ያለውን ቀጤማ ነው።

ፈትቼ አሳየሁት። የቤተ ክርስቲያን ቀጤማ ለበሬ መስጠት ይገባ እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ ካህን አልጠየቅሁም። ዘረጋሁለት፣ ትንሽ ራቅ አደረግሁ፣ ደግሞ ራቅ አደረግሁ።

በሬው ተነሣ። እስከ ልኳንዳው በር ተከተለኝና እዚያ ሲደርስ ቀጤማዬን በላ።

በሬው ሲነሣ ጋሽ መንበሩ ስልካቸውን አወጡ። «አመለወርቅ፣ ንገሪው ባክሽ፤ ምን ሚስጥር አለው? ጾም ሲገባ ልኳንዳው ተዘጋ። ማሽኑ ከእኔ ጋር ተዘግቶ ምን ይሠራል ብዬ ላንቺ አዋስኩ፤ ለፋሲካ መልሼ ወሰድኩ። ሰርቄ ነው?» ጋሽ መንበሩ ሲፈቅዱ እትዬ አመለወርቅ ተናገሩ። እሳቸው ሲናገሩ «የጾም ቡፌ፣ ለሁለት ሰው» የሚል የደረሰኝ ቅጂ ከመሳቢያቸው ወጣ። ደረሰኙ ሲወጣ፣ ባንኩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ፤ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ሰዓቱን ከመግለጫው ጋር አስተያየ።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። «በየጾሙ የሚመጣ ነገር ነው። ልኳንዳዎቹ ማሽናቸውን ለጾም ምግብ ቤቶች ያውሳሉ፤ የሚመዘገበው ግን የባለማሽኑ ስም ነው።»

«ጠዋትም ያውቁት ነበር?»

«ጠዋት ደረሰኝ አልነበረዎትም።»

የካርድ ክፍሉ ሲመረምር ቅርንጫፉ አስረዳ። ልጅቷ ጠዋት ሊነሣላት ያልቻለውን ስልክ በአንድ እጇ አንሥታ ለሶስና ሁሉንም ነገረቻት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትደክምልኝ እንደዋለች አድርጋ። ቅርንጫፉ ሲያስረዳ ሶስና አመነች። ያመነች መሰለኝ።

በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ራሴን ነው።

«ቀጤማህስ?»

«በሬ በላው።»

«ይሄን ደግሞ ማን ሊያስረዳኝ ነው?» አለችና ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። «ና፣ ዶሮውን አምጣ።»

ሶስና ስታምን ዶሮው ተሠራ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን በቤታችን ፈሰክን። እትዬ የሺመቤትም ከእኛ ጋር ፈሰኩ፤ እግሩን ከወጡ እየመረጡ «እኔ መቼም አንተን ጠርጥሬ አላውቅም» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ስልካቸው ሞልቶ አልሠራ ስላላቸው መልእክቶቹን እንዳጠፋላቸው ሰጡኝ። የባንካቸውን መልእክት አንዱንም ከፍተው አያውቁም። እኔ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የማጠፋው።

«እትዬ፣ በጾሙ አጋማሽ፣ ረቡዕ ዕለት፣ የት ነበሩ?»

«የማኅበር ጓደኞቼን የጾም ቡፌ ጋብዤ። ምነው?»

«ምንም።»

ቀኑን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳከርኩ። ረቡዕ ነው፤ መልእክቱም «መንበሩ ልኳንዳና ሬስቶራንት» ይላል።