የለገመው ሲሊንደር

አንድ የወረዳ ኃላፊ አሮጌ ባለ ስድስት ሲሊንደር የመስክ መኪናቸውን በማለዳ ጋራዥ አስገቡ። ዳገት ላይ ጉልበት አንሷት ነበር።

«ስድስት ሆነው ዳገት ካቃታቸው አንዱ እየለገመ ነው» አሉት መካኒኩን። «እኔ ቢሮዬ ውስጥ ለጋሚ አላስቀምጥም። እስከ ቀትር ለጋሚውን አግኝተህ ጉልበቷን ካልመለስክ ጋራዥህን አሽጋለሁ!» የማሸጊያውን ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ወንበር ላይ ተደላደሉ።

መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እሳት የሚያደርሱትን የካንዴላ ገመዶች ተራ በተራ ነቀለ። አንዱ በተነቀለ ቁጥር ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ሲሰካው ይረጋጋል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አንድ ጣሳ የሚሞላ አቧራ አራገፈ። መኪናዋን ዳገቱ ላይ ሞክሮ ሲመለስ ቀትር ሆኖ ነበር።

«አየር አጥሯት ነው እንጂ ስድስቱም ሠራተኞች ናቸው፤ አሁን ጉልበቷ ተመልሷል» አለ።

«አለመለገማቸውን በምን አወቅህ?»

«ቀላል ነው ጌታዬ። አንዱን ነቅለን እናያለን። ሞተሩ ከተንገጫገጨ ሠራተኛ ነው፤ ምንም ካልመሰለው ለጋሚው እሱ ነው።»

«ግሩም ዘዴ! ለቢሮዬም ይበጀኛል።»

«እዚያማ ሞከርነው እኮ ጌታዬ። ከማለዳ ጀምሮ ከቢሮ ርቀው እዚህ ተቀምጠዋል፤ አንድም ሰው አልደወለም።»

ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው አዩት፤ አልተዘጋም። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መኪናዋን አስነሡ። ዳገቱን እየበረረች ወጣችው።