የቀለጠው ዳሽቦርድ

አዳማ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ የለፋበት ሥራ ተበላሽቶበት አንገቱን የደፋ ባለሙያ ሲያዩ ጣል የሚያደርጉለት አንድ አባባል አለ። ሰምቶት የሚስቅ ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከዘርፌ ሱቅ ነው።

ዘርፌ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነበረች። መርፌዋን ሁሉም ያከብረዋል፤ ቅርጽ ማውጣት ግን የወንድ ሥራ ነው ይባል ነበር። ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ጉልላት የሚባል ነጋዴ ለወንድሙ ሠርግ አሮጌ መኪናውን ሊያሳምር ፈልጎ ዳሽቦርድ የሚቀርጽለት ሲያፈላልግ፣ ማንም ሳይቀድማት «እኔ እሠራዋለሁ» አለች። ሰፈሩ ሳቀ። ካልተሳካላት ዕድሜ ልኳን ወንበር ስትሰፋ እንደምትኖር ታውቃለች።

ነጩን ፎም መኪናው ውስጥ እያስገባች እያወጣች፣ በቢላ እየላገች፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰች ቀረጸችው። ሲያልቅ ራሷ አይታ አልጠገበችውም። የቀረው በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፣ ከዚያ ፋይበር የሚሉትን የመስታወት ክር ጨርቅ አልብሶ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረውን ፈሳሽ፣ ሬዚኑን መቀባት ነበር። ፕላስተር አልቆባት ልትገዛ ወጣች።

ችኩሉ ጉልላት የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሠርጉ ደርሷል፤ ፎሙ ተቀርጿል፤ ሬዚኑም እዚያው ተቀምጧል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለች?» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ሬዚኑን ቀባው። ሲቀባ በስልኩ ቪዲዮ አይቷል፤ ፎሙ መጀመሪያ እንደሚሸፈን ግን ልብ አላለም። ሬዚን ያልተሸፈነ ነጭ ፎም ካገኘ ይበላዋል። ዘርፌ ስትመለስ ሥራዋ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር እየሟሟ ደረሰች።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው!»

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው…»

«እግዜር ይይልህ!»

እንባዋ መጣ። ደጃፉ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱም «ድሮስ መርፌዋን ብትይዝ ምን ነበረበት» አለ። ጉልላት ላብ በላብ ሆኖ፣ «በቃ ተዪው፣ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ሲል ግን እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«መኪናህ ከዚህ ንቅንቅ አይልም! ሌላ ፎም አምጣና ቁጭ ብለህ እይ።»

ፎሙ ሲመጣ እንደገና አልለካችም። ሰው ሁሉ እያያት ቢላዋን አንስታ መላግ ጀመረች። የመሪው ሥር፣ የበሩ ማዕዘን፣ የመስታወቱ ጠርዝ፣ ሁሉን እጇ ያውቀው ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፎሙን ቦታው አስገባችው፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልተገኘበትም። ከፊተኛውም ይበልጣል ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ፎሙን በፕላስተር ሸፈነች፣ ፋይበሩን አለበሰች፣ ሬዚኑ ሲደርቅም ቡናማ ቆዳ ወጠረችበት።

በሠርጉ ዋዜማ መኪናው ሲወጣ ሰፈሩ ሥራውን አቁሞ ወጥቶ አየ። ዘርፌ ደጃፏ ላይ ደረቷን ነፍታ ቆማለች፤ ቢያኮራት ይገባታል። ጉልላት ዳሽቦርዱን እየዳበሰ፣ «እኔ እኮ ያን ቀን ሁሉ ነገር ያከተመ መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ የቀለጠውን ከየት አምጥታ መለሰችው?» ብሎ ጠየቀ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የኖሩት፣ ሴት ቅርጽ አታወጣም ሲሉም ዋነኛ የነበሩት ጋሽ ቶሎሳ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ዘርፌ እያዩ እንዲህ አሉት፦ «ፎም ቢቀልጥ፣ እጅ አይቀልጥም!»