ወሰኑ ላይ የቀረው ቃሬዛ

አንድ ረጅም ሸንተረር ላይ ሦስት አገሮች ነበሩ። ከራስጌ ያለው ላይ አምባ፣ ከወገቡ ላይ ያለው መሀል አምባ፣ ከግርጌ ያለው ታች አምባ ይባላል። ሦስቱም በአንድ ቋንቋ ይሳደባሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ ልጅ ለልጅ ይጋባሉ። ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ሽፍታ ግን ነበራቸው። ሽፍታው ዛሬ ላይ አምባን ዘርፎ ነገ ታች አምባ ይወርዳል። የተዘረፈው ሲጮህ ያልተዘረፈው በሩን ይዘጋል። በመጨረሻ ሁሉም ሲመርራቸው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተባባሉና ኅብረት ለመመሥረት ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም፤ እንዲያውም ደግ አደረጉ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ልማዳቸው ልንገራችሁ። እዚያ አገር ሐኪም ቤት የለም። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነው የሚወሰደው፤ ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሀሉ ጠፍር የተወጠረበት፣ አራት ሰው በትከሻው የሚሸከመው። ጥሪ የሰማ ጎረምሳ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ተሸካሚ ሲደክመው አይቆምም፤ አዲሱ ከጎኑ እየሄደ "አምጣ ወንድሜ፣ ልቀበልህ" ብሎ ትከሻውን ያስገባል። ቃሬዛው መሬት አይነካም። በየመንገዱ የሚያርፍ ሬሳ ነው፣ በሽተኛን መሬት ማስነካት ገድ የለውም ይላሉ። ከላይ አምባ የተነሣ በሽተኛ ታች አምባ ያለችው መድኃኒተኛ ደጅ እስኪደርስ ድረስ የት ላይ ማን እንደተሸከመው የሚጠይቅ አልነበረም። ሕግ አልወጣለትማ፤ ስለዚህ ይሠራ ነበር።

ወደ ኅብረቱ ልመለስ። ሥልጣኑን የሚያከፋፍላቸው አንድ የሕግ ሊቅ ከሩቅ አገር አስመጡ። ሊቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚወድ፣ አንድ ነገር ያለ ባለቤት ከቀረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። የሦስቱ አገሮች ዳኞችና የኅብረቱ ሰብሳቢ እንዲሆን የተመረጠው ሰው አንድ አውድማ ላይ ተቀመጡና መካፈል ጀመሩ። ወይ መካፈል! "የገበያ ቀረጥ የማን ይሁን?" ሲባል ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ። ጦር የኅብረቱ ሆነ። መሬትና ጋብቻ የየአገሩ ሆነ። መንገድ የኅብረቱ፣ ደን የየአገሩ ተባለ፤ መንገድ ደን አቋርጦ ሲያልፍስ? እዚያ ላይ ሊጋደሉ ምንም አልቀራቸው። የበዓል ቅርጫ እንኳ እንዲህ አያጣላም። የሌላውን መደብ ከራሱ ጋር ሳያስተያይ ያደረ ዳኛ አልነበረም።

በመጨረሻው ቀን የታች አምባው ዳኛ ድንገት ትዝ ብሎት "ቃሬዛስ?" አለ። ቀረጥ ሲባል የተነሣው ሁሉ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ቃሬዛ ምን ያስገባል? ትከሻ ይልጣል እንጂ። ሰብሳቢው ጎረምሶቹ የእናንተ ናቸው፣ እኔ ትከሻ የለኝም አለ። ዳኞቹ መንገዱን የእኔ ነው ያልከው አንተ ነህ አሉት። ሊቁ ብቻ ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ነበር የሚወደው። ትንሽ አሰበና አስጻፈ፦ በየአገሩ ወሰን ውስጥ ቃሬዛ መሸከም የየአገሩ ሥልጣን ነው፤ ቃሬዛን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ማሻገር የኅብረቱ ሥልጣን ነው፤ ለዚህም ኅብረቱ በየወሰኑ አሻጋሪ ይሾማል። ሁሉም አጨበጨበ። ሊቁም አሁን ያለ ባለቤት የቀረ ነገር የለም ብሎ ተነፈሰ። እውነቱን ነው፤ በሽተኛው ብቻ ነው የቀረው።

ኅብረቱ ሽፍታውን አጠፋ፤ ለዚህስ ይመስገን። በዚያው ዓመት ግን የላይ አምባ ጎረምሶች አንድ እባብ የነደፈው ገበሬ ተሸክመው እንደ ልማዳቸው ሲሮጡ፣ የወሰኑን ድንጋይ አልፈው እስከ ታች አምባ ዘለቁ። ገበሬው ዳነ። ጎረምሶቹ ተከሰሱ። መሀል አምባ "ሳልጠየቅ መሬቴን ረገጡ" አለ፤ ኅብረቱ ደግሞ "ማሻገር የእኔ ነው፣ ሥልጣኔን ቀሙኝ" አለ። ለሁለቱም አንዳንድ ጊደር ተቀጡ። ከዚያ ወዲያ አባቶቻቸው ልጆቻቸውን አስማሉ፤ ቃሬዛ ይዛችሁ ከድንጋዩ አንዲት እርምጃ እንዳታልፉ ብለው። ሰው አድኖ ጊደር የከፈለ ሁለተኛ ማስተማር አያስፈልገውም።

በላይ አምባ ቢሰጥ የሚባል ሸማኔ ነበር። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ልጅ አጥተው ብዙ ዓመት ቆይተው በስንት ስለት አረገዘች። ቀኗ ደርሶ ምጥ ያዛት፤ በነጋታውም አልተገላገለችም። አዋላጇ ሆዷን ዳብሳ ፅንሱ ተጋድሟል አለች፤ ማቃናት የምትችለው የታች አምባዋ መድኃኒተኛ ብቻ ናት፣ እሷም ዛሬውኑ ከደረሱላት ነው። ጥሪ ተጠራ። ጎረምሶቹ እየተጋፉ መጡ፤ ሰነፎች ነበሩ እንዳትሉብኝ። ሴቶቹ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" እያሉ ተከተሏት። ቢሰጥ እጇን ይዞ ከጎኗ እየሮጠ ከወሰኑ ድንጋይ ደረሱ።

ከድንጋዩ ወዲያ የመሀል አምባ ጎረምሶች ጥሪውን ሰምተው ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። አሻጋሪው ግን የለም። በየወሰኑ ይሾማል ቢባልም ኅብረቱ የሾመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ የገበያ ቀን ስለሆነ ቀረጥ እንዲያስከፍል ወደ ታችኛው ወሰን ተልኳል። ገበያ ደርቶ ማን በሽተኛ ይጠብቃል?

የላይ አምባዎቹ ኑና ተቀበሉን አሉ። የመሀል አምባዎቹ እናንተ አቀብሉን አሉ። በመሀላቸው ያለው ቦታ ክንድ ቢዘረጋ ይደረስበታል። ሰው በእግሩ ቢያልፍ ከልካይ የለውም፤ ገበያተኛው ፍየሉን እየጎተተ፣ በቆሎውን ተሸክሞ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር። የቆመው ቃሬዛ ብቻ ነው። በዚህ መሀል የመሀል አምባ ዳኛ እያለከለከ ደረሰ። ጎረምሶቹ ይፈቅድልናል ብለው ተስፋ አደረጉ። እሱ ግን ያን ሰሞን በደኑ መንገድ ሰበብ ከኅብረቱ ጋር ክርክር ላይ ነበር፤ ዛሬ እኛ የኅብረቱን ሥራ ከሠራን ነገ ኅብረቱ የእኛን ሲሠራ በምን አፋችን እንከራከራለን ብሎ ከለከላቸው። የላይ አምባ ዳኛም መጣ። እሱም አንዴ ተቀጥተናል፣ ከደገምነው ጥፋታችንን አመንን ማለት ነው አለ። ሁለቱም ያሉት በሕጉ ትክክል ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ውሸታሞች ቢሆኑ ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

የጎረምሶቹ ትከሻ ዛለ። የሚቀበላቸው የለም፤ መመለስ ደግሞ መግደል ነው። ቃሬዛውን መሬት ላይ አኖሩት። አብረው የመጡት ሴቶች ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። ማንጠግቦሽ ከሥቃይዋ መሀል ቀና ብላ "ደረስን እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ቢሰጥ ከአንዱ ዳኛ እግር ሥር ተነሥቶ ሌላው እግር ላይ ወደቀ። "አባቶቼ፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ። ቤቴን ውሰዱት፣ እኔን እሰሩኝ፣ ብቻ እሷን አንሡልኝ" አለ።

የመሀል አምባው ዳኛ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ልጄ፣ ላንተ ብዬ ሕጉን ካፈረስኩ ለሌላው ምን እለዋለሁ?" አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሰውየው ግን ሞኝ እንኳ አልነበረም።

ቢሰጥ ከዚያ በኋላ ማንንም አልለመነም። ጎንበስ ብሎ ሚስቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣትና ድንጋዩን አልፎ ሄደ። ማንም አልከለከለውም፤ ባል ሚስቱን በክንዱ ቢሸከም ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አልተጻፈማ። የመሀል አምባ ጎረምሶች ከኋላው እየተከተሉ "አይዞህ፣ በርታ" አሉት። ሊያግዙት አልቻሉም፤ ሳትሻገር የተሻገረች በሽተኛ መቀበል በሕጉ ምን እንደሚባል ዳኛቸው ገና እያሰላሰለ ነበር። ቢሰጥ ጥቂት ሄዶ ተደናቀፈ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ሄደ። አሻጋሪው ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኛቸው፤ በትሩን አንሥቶ "ማሻገር ተፈቅዷል" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማንጠግቦሽ በባሏ ክንድ ላይ እንዳለች አርፋለች። ልጁም ሳይወለድ አብሯት ሄደ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ከቀብሩ ማግስት ሕዝቡ የዚህች ሴት ደም ዝም ብሎ አይቅር፣ ይፈረድ ብሎ ተነሣ። ማን ይፍረድ? በሊቁ ሕግ የሰው ሞት ጉዳይ የሚታየው ነፍስ በወጣበት ቦታ ነው፤ በአገር መሬት ላይ ከሆነ የዚያ አገር ዳኛ፣ በመንገድ ላይ ከሆነ ኅብረቱ ይዳኛል። አሁን እንኳን ዝምታ፣ መደማመጥም ጠፋ። ያን ዕለት አንዲት እርምጃ ለመራመድ የጨነቃቸው ሰዎች በበቅሎ እየገሠገሡ መጡ። ላይ አምባ "መሬቴ ላይ ባኖሯት ጊዜ ነው ያለቀችው፣ ጉዳዩ የእኔ ነው" አለ። መሀል አምባ "ድንጋዩን ስታልፍ ትተነፍስ ነበር፣ ጎረምሶቼ ሰምተዋል፣ የእኔ ነው" አለ። ሰብሳቢው "ወዲህም ሆነ ወዲያ መንገድ ላይ ነው፣ የእኔ ነው" አለ። ይህን ጉዳይ የዳኘ ወደፊት ወሰን ላይ የሚሞተውን ሁሉ ይዳኛላ! በገመድ መሬቱን ለኩ። የቢሰጥን ዱካ ፈለጉ። ገበያተኞችን በምስክርነት ጠሩ።

መጨረሻ ላይ ራሱን ቢሰጥን ከለቅሶው አስነሥተው ወሰኑ ድረስ አስመጡት። ጠያቂው ሊቁ ነበር፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ በርኅራኄ ነው የጠየቀው። "ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። ትንፋሿ የወጣው ከድንጋዩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ይህን ብቻ ንገረን፤ ማን እንደሚፈርድልህ እናውቃለን" አለው።

ቢሰጥ ሦስቱን ሹማምንት ተራ በተራ አያቸው። "በሕይወት ሳለች የማናችሁም አልነበረችም" አለ። "ሬሳ ስትሆን ሦስት ባለቤት መጣላት። የት እንደሞተች ልንገራችሁ። ወዲህ ያሉት ሊሰጡ፣ ወዲያ ያሉት ሊቀበሉ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ሁለቱ እጆች መሀል ነው የሞተችው። ያ ቦታ የማናችሁ ነው?"

መልስ አልጠበቀም። ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ለቅሶው ተመለሰ።

የላይ አምባው ዳኛ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ ይባላል። ከዚያ ሊቁ ጉሮሮውን ጠራረገና "በጣም ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሰጠው ቃል ቦታውን ለይቶ አያመለክትም" አለ። ክርክሩም ካቆመበት ቀጠለ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትምህርቱን ሳላድበሰብስ ልናገር። ሥልጣን መካፈል ክፉ አይደለም፤ አንድ ሰው ሁሉን ጠቅልሎ ከሚይዘው ሺህ ጊዜ ይሻላል። ክፉው ነገር ሲካፈሉ የሚደርሳቸውን እንጂ የሚሸከሙትን አለማሰብ ነው። ወሰን የሚሠመረው ለሰው ነው። ሰው ወድቆ እያዩ "የማን ድርሻ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ፣ ኅብረትም በሉት አገር፣ ቀድሞ ያነሣውና በኋላ ይከራከር። የተነሣ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የወደቀ ግን አይጠብቅም።

ይህን ለኅብረት ወዳጆች ሳወራ "አየህ፣ ለየአገሩ ሥልጣን መስጠት መጨረሻው ይሄ ነው" ይሉኛል። ኅብረት ለሚጠሉት ሳወራ "አየህ፣ ኅብረት ማለት ይሄ ነው" ይሉኛል። ስለ ማንጠግቦሽ የሚያወራ የለም። ይባስ ብሎ በሄድኩበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሲወጣ ጠጋ ብሎ "ለመሆኑ ግን የሞተችው ከድንጋዩ ወዲህ ነው ወዲያ?" የሚለኝ።

እናንተስ? እስኪ ሳትዋሹ ንገሩኝ፤ ይህን ስታነቡ በልባችሁ ያሰባችሁት ስለ እሷ ነው ወይስ ስለ ቦታው?