ድንጋይ ታቅፎ የተሻገረው ሸማኔ

ስለ አገርና ስለ ወንዝ የሚባል አንድ አባባል አለ። አዋቂዎች ምክር ሲያልቅባቸው እሱን ይጠራሉ፤ ከየት መጣ ብትሏቸው ግን ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። የመጣው ከአንድ ሸማኔ ጉድ ነው።

ሸማኔው ድንበሩ ይባላል። አባይን እየተሻገረ በሰው አገር ሲሸምን ኖሮ፣ አንድ ዓመት እንጀራ ፍለጋ ወደ ጊቤ ወንዝ ወረደ። ሚስቱና ልጆቹ የሚበሉት በጀርባው ካዘለው የሽመና ዕቃ ነው፤ እሱ ከጠፋ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

በታንኳ የሚያሻግሩት ሽማግሌ አባ ቦራ፣ ድንበሩ ጉያውን በድንጋይ ሞልቶ ሲመጣ አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ቤት ልትሠራ ነው?»

«ለአዞ ነው፣ አባቴ። አባይን የምንሻገረው እየጮኽን፣ ድንጋይ እየወረወርን ነው። እኔን እንኳ ስለ ወንዝ አይንገሩኝ።»

«እዚህ ዝም ነው። ያለው ጉማሬ ነው፤ ካልነኩት አይነካም።»

ድንበሩ እሺ አለ። እሺ ያለው አፉ ነው እንጂ እጁ ድንጋዩን አልለቀቀም።

መሐል ወንዝ ላይ አንድ ጥቁር ጀርባ ብቅ ሲል የለመደው ጩኸት አመለጠው፤ ድንጋዩም ተከተለ። ያ ጀርባ ዘወር ሲል እንደ ቤት በር የሰፋ አፍ ሆነ። ታንኳዋ ተገለበጠች። ደግነቱ ጉማሬው የተቆጣው በታንኳዋ ላይ ነበር። አባ ቦራ ድንበሩን ማጅራቱን ይዘው ዳር አወጡት። ዕቃው ግን በውሃው ሄደ።

ድንበሩ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባ ቦራ አንድም ቃል አልተቆጡትም። የመንደሩን ሰው ጠርተው ወንዙን ተከትለው ወረዱና ፀሐይ ሳትጠልቅ የሽመናውን እንጨት ሁሉ ከቄጠማው ውስጥ ለቃቅመው መጡ፤ ማጉን የሚያመላልሰው ትንሹ መወርወሪያ እንኳ አልቀረም።

ድንበሩ ክረምቱን እሳቸው ቤት ከረመ። የመጀመሪያውን ጋቢ ሠርቶ ሲሰጣቸው ዋጋውን ጠየቁት።

«እርስዎ ነፍሴን ሲመልሱልኝ ዋጋ ጠየቁኝ?» አለና አለበሳቸው።

መስከረም ሲጠባ ወደ ጎጀብ ወንዝ ማዶ ሊሄድ ተነሣ። ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። አሁንማ ገባኝ፤ ወንዝ የሚሻገሩት በዝምታ ነው። ጎጀብ ላይ ትንፍሽ አልልም» አላቸው።

አባ ቦራ አዲሱን ጋቢ እያጣፉ ሳቁ።

«ጎጀብ ላይ የሚጮኹ ቢሆኑስ? ስትመጣ ድንጋይ ታቅፈህ መጣህ፣ አሁን ደግሞ ዝምታ ታቅፈህ ልትሄድ ነው። ደርሰህ ጠይቅ እንጂ ልጄ፤ እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ።»