ዞሮ የመጣው የሠላሳ ዋንጫ ትዕዛዝ

ደሴ ውስጥ ነጋዴዎች ሲጨቃጨቁ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አጭር አባባል አለች። የሰፈሩ ሰው ይስቃል፤ እንግዳ ግን ግራ ይገባዋል። እኔ መነሻዋን አውቃለሁ፤ በጎረቤቴ በምንታምር ላይ ነው የደረሰው።

ምንታምር በቴሌግራም ትነግዳለች። ሱቅም መጋዘንም የላትም። ፎቶ ትለጥፋለች፤ ገዢ ሲመጣ ትዕዛዙን ለአቅራቢ ታስተላልፋለች፤ አቅራቢው በቀጥታ ለገዢው ይልካል። ችግሩ ሁሉም ሰው ያንኑ ጫማና ያንኑ ድስት መለጠፉ ነው። ስለዚህ ሌላ ጋ የማይገኝ ዕቃ ያለው አቅራቢ ስታስስ ከርማ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ኤርምያስ የሚባል ሰው አገኘች።

"የቀንድ ዋንጫ አለኝ፤ የፈለግሽውን ያህል" አላት።

ፎቶውን ተቀብላ ለጠፈች። በሳምንቱ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ይመኑ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ሠላሳ ዋንጫ አዘዙ። "በሠርጌ ላይ ለሽማግሌ ጠላ በብርጭቆ አላቀርብም" ብለው ቀብድ ሰጧት። ምንታምርም ትዕዛዙን ለኤርምያስ ላከች።

በማግስቱ ከባሕር ዳር ሰናይት የምትባል ነጋዴ ጻፈችላት፦ "ሠላሳ የቀንድ ዋንጫ፣ ለእሑድ ሠርግ፣ ደሴ የሚደርስ።" ምንታምር ደስ አላት፤ ሌላም ሠርግ አለ ማለት ነው። ይህንንም ለኤርምያስ አስተላለፈች። በሦስተኛው ቀን ሰናይት እንደገና ሠላሳ አዘዘች። አሁን ምንታምር ግራ ገባት። ከተማው በአንድ እሑድ ይህን ሁሉ ዋንጫ ምን ያደርገዋል? ኤርምያስ ጋ ደወለች።

"ዋንጫው ተጫነ?"

"አቅራቢዬን እየጠበቅሁ ነው።"

"እንዴት? አለኝ አላልክም?"

"እኔ የማስልከው ከባሕር ዳር ነው። ሰናይት ከምትባል ሴት።"

ምንታምር ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሰናይት ጋ ደወለች።

"እህቴ፣ ዋንጫውን የሚሠራልሽ ማን ነው?"

"የሚሠራልኝ ሰውዬ ስልክ ማንሳት ካቆመ ሁለት ወር አለፈው። አንቺ ለጥፈሽ ሳይ ያለሽ መስሎኝ ትዕዛዙን ወዳንቺ ላክሁት። የለሽም እንዴ?"

ዓርብ ቀን ምንታምር ቀብዱን ይዛ ጋሽ ይመኑ ቤት ሄደች። ነገሩን ብታስረዳቸው አልገባቸው አለ።

"ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። ዋንጫው ማን ጋ ነው ያለው?"

"ኤርምያስ ጋ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ። እሱ ከሰናይት ነው የሚጠብቀው።"

"ሰናይትስ?"

"ከእኔ።"

"አንቺስ?"

"ከኤርምያስ።"

ጋሽ ይመኑ አንዴ እሷን፣ አንዴ ብሩን አዩ። አልተቆጧትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈራት።

እሑድ ለሽማግሌዎቹ ጠላው በብርጭቆ ቀረበ። ምንታምር ጥፋቷን ልትክስ ብላ ከማለዳ ጀምራ ስታስተናግድ ዋለች። እኔም እዚያው ነበርሁ። አንድ አዛውንት ብርጭቆውን እያገላበጡ "ይመኑ፣ ዋንጫ አለ ብለኸን አልነበር? ምን ነካው?" ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ ይመኑ ምንታምርን አየት አድርገው፣ እንዳትሸማቀቅ ፈገግ አሉላትና "ሦስት ነጋዴ ተቀባብሎት ነው፤ ሁሉም ቀጂ፣ ማን ጠማቂ" አሉ።