እሜቴ በቀቀንና የንጉሡ ጉርሻ

ተረት ተረት።

«የመሠረት።»

ምንድን ነው ይሄ? እናንተም ታማችኋል እንዴ? ድምፅ አውጡ እንጂ። ተረት ተረት።

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው። ምትኩ፣ እግርህን ሰብስብና ደህና አድርገህ ተቀመጥ። ይሄን ተረት ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ መሀል ላይ ማንም እንዳያቋርጠኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ከጫካ ዳር፣ ድንበሩ የሚባል ቀፎ ሠሪ ነበር። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። አባት ከቀርከሃ ቀፎ ይሠራል። ልጅ ቀፎውን በጭስ ታጥናለች። ከዚያ አብረው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል።

አንድ ቀን ንብ አልገባበት ያለውን ቀፎ ሊያወርዱ ወጡ። ውስጡን ቢያዩ አንዲት ላባ ያላበቀለች የበቀቀን ጫጩት አፏን ከፍታ ትጮኻለች። እናቷ የለችም። ስንዱ ቀፎውን ከነጫጩቷ ቤት ወሰደችው። የማሽላ ዱቄት በውሃ እያራሰች አሳደገቻት። ጫጩቷ አደገች፣ አረንጓዴ ለበሰች፣ ግንባሯ ቢጫ ሆነ። ስትራመድ ደረቷን ነፍታ ስለነበር እሜቴ ብለው ጠሯት።

እሜቴ አስማት ነበራት። ሰው አንድ ነገር ተመኝቶ እሷ «ይሁን» ካለች፣ ይሆናል። አንድ ቀን ድንበሩ ምሳ ሲበላ «ምነው ለዚህ ሽሮ ትንሽ ጨው በኖረው» አለ። እሜቴ «ይሁን» አለች። ሽሮው ጣፈጠ። ጎረቤታቸው መጥታ «ምነው ላሜ መንታ በወለደችልኝ» አለች። «ይሁን።» ላሟ መንታ ወለደች። ለራሷ ግን አይሠራላትም። ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔ አይደለሁም የፈጠርኳት።

በዚያ አገር ንጉሥ ነበር። ንጉሥ ከምለው ሆድ ብለው ይሻላል። ከየሰዉ ቀፎ ማሩን ወስዶ ሰፈፉን ይተዋል። ሰፈፍ ይበላል? አይበላም። ደግሞ እኮ አመስግኑኝ ይላል።

ይህ ንጉሥ የእሜቴን ነገር ሰማ። «ሕዝቡ ሺ ዓመት ይንገሡ ይበለኝ፤ ወፏ ይሁን ትበል። አለቀ» አለ። አስቡት እስቲ። ሺ ዓመት ሙሉ ሰፈፍ መላስ።

ወታደሮች መጥተው እሜቴን ወሰዷት። ስንዱ እያለቀሰች ተከተለች። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፣ ግብር ተጥሏል። ንጉሡ ግን «እንግዳዬ ሳትበላ ሥራ የለም» አለ። ጥሬ ሥጋ ጠቀለለ፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰበት፣ ቅቤ አፈሰሰበት። ጉርሻው ከእሜቴ ራስ ይበልጥ ነበር።

«በሞቴ» አላት።

ስንዱ ወደ ፊት ወጣች። «ጃንሆይ፣ ወፍ ናት እኮ። ማሽላ ነው የምትበላው። ቅቤ አይስማማትም» አለች።

አጋፋሪው፣ ማለት ሰው አስገቢና አስወጪው፣ «የንጉሥ ጉርሻ አይመለስም» ብሎ ገፈተራት።

ንጉሡ አጎረሳት። ሹማምንቱም ንጉሡ ያጎረሷትን እኛ እንዴት እንለፋት ብለው ተሰለፉ። አንዱ በሞቴ፣ ሌላው አፈር ስሆን፣ ሦስተኛው እኔን አትወጂኝም ወይ። እሺ ማን ይሙት፣ አንዲት ወፍ ስንት ሰው ትወዳለች? በመጨረሻ ሕዝቡ «ሺ ዓመት ይንገሡ» ብሎ ጮኸ። እሜቴ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። የወጣው ቅቤው ነው፣ እሱም የንጉሡ ካባ ላይ።

ንጉሡ ተቆጣ። «ውሰዷት» አለ። «እስከ መስቀል ድምፅዋ ካልተመለሰ ላባዋን አንድ ባንድ አስነቅዬ ዘውዴ ላይ እሰካዋለሁ።»

ራሱ አሳምሞ፣ ራሱ ተቆጣ። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ስንዱ እሜቴን በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት ገባች። እሜቴ ላባዋን ነፍታ ኳስ መስላለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ጤነኛ ወፍ ስትተኛ አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ሸሽጋ ነው። እሜቴ ግን በሁለቱም እግሮቿ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ እንዳትወድቅ ፈርታ።

ስንዱ ያንኑ እሜቴ ያደገችበትን ቀፎ አወረደች። ውስጡን ጥጥ አነጠፈችበት። ድንጋይ በእሳት አሞቀች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ከሥሯ አኖረች። ሲቀዘቅዝ ትለውጣለች። ውሃ በማር በጥብጣ በሰንበሌጥ ጫፍ ጠብ ታደርግላታለች። አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትጠብቃለች። እሜቴ ከዋጠች ሌላ ጠብታ። ካልዋጠች ትተዋታለች። ድንበሩ እንኳ ቀርከሃ መሰንጠቁን ትቶ ጓሮ ሄዶ ይቀመጥ ነበር፣ እንዳትደነግጥ ብሎ። አያችሁ? ለታመመ የሚደረገው ይሄው ነው። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም።

ግን ማን ያስተኛታል።

መጀመሪያ የንጉሡ ወጥ ቤት አዛዥ መጣ። በቀንድ ቅቤ ይዟል። ገና ከበሩ ላይ «ውይ ውይ፣ አፈር ልብላልሽ፣ ሕመምሽን ለእኔ ያርገው» አለ። ስንዱ ድንጋዩን ልትለውጥ ዞር ስትል፣ ቅቤውን በጣቱ ዛቅ አድርጎ እሜቴ አፍ ውስጥ ጠቀጠቀው። «ለጉሮሮዋ ነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። እሜቴ አንዳች ልትል አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ሰውዬው ለእሜቴ የተዘፈዘፈችውን ማሽላ ሳይቀር ቃም ቃም አድርጎ ሄደ። አያሳዝንም?

ስንዱ ያስገባውን ቅቤ በጨርቅ ጠራርጋ አወጣች። እንደገና ሙቅ ድንጋይ። እንደገና ጠብታ ውሃ።

ቀጥሎ አጋፋሪው መጣ። እሱ ደግሞ ወታደር አስከትሎ፣ ጠጅ በብርሌ ይዞ። ስንዱ በሩ ላይ ቆመች። «ጌታዬ፣ ተኝታለች። ድምፅዋ ሊመለስ ነው። እባክዎ ይተዉአት» አለች።

«ልጠይቃት መጥቼ ልትመልሺኝ ነው? ነውር አታውቂም?» አለ አጋፋሪው። ወታደሮቹ ስንዱን ያዟት። እሱ ቀፎው ላይ አጎንብሶ «ሕመምሽን ለእኔ ያርገው፣ በሞቴ ጠጪ» አለና ጠጁን ጠብ ሳይሆን ቸለስ አደረገባት።

እሜቴ «ይ…» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ግማሽ ቃል ስለነበር ግማሽ ነገር ሆነ። አጋፋሪውን ስቅታ ያዘው። እሜቴም ለትንሽ ጊዜ አንድ እግሯን አነሳች። ወዲያው ጠጁ ጉሮሮዋን አቃጠላትና እግሯን መልሳ አወረደች። አጋፋሪው ስቅ እያለ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲያስገባ «እነ እገሌ ስቅ፣ ይግቡ ስቅ» ነው የሚለው። ደግ አደረገው። ስንዱ ግን ሁለቱንም ነገር አየች፤ ስቅታውንም፣ እግሯንም።

እሜቴ ባሰባት። ቀና ማለት አቃታት። መስቀልም ተቃረበ። ስንዱ ቀፎው አጠገብ ተንበርክካ አለቀሰች። «እሜቴዋ፣ ሕመምሽን ለእኔ ያርገው። የምሬን ነው። ይሁን በይ» አለቻት።

እሜቴ ዓይኗን ከፍታ አየቻት። አፏን ግን ግጥም አደረገች።

«ለምን? ለእኔ ሲሆን ነው ዝም የምትዪው?» አለች ስንዱ በንዴት።

እሜቴ በስንት ጣር፣ በተሰበረ ድምፅ «ላንቺ አይሆንም» አለች። «አንቺ ከታመምሽ ውሃውን ማን ይሰጠኛል?»

ስንዱ እንባዋን ጠረገች። አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

«አባዬ፣ ቤተ መንግሥት ይሂዱልኝ» አለች። «ድምፅዋ እየመጣ ነው፤ ግን ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው ካልጠየቋት አትናገርም ብለው ይንገሩልኝ።»

«ልጄ፣ እሱን ሰውዬ ቤቴ ልታመጪብኝ ነው?»

«አዎ አባዬ። ሕዝቡንም ይዘው ይምጡ ይበሏቸው።»

ድንበሩ ሄደ። ንጉሡ ደስ አለው። በመስቀል ዕለት መጣ። ሹማምንቱ ከኋላው፣ ሕዝቡ ከሹማምንቱ ኋላ። አንዱ የሥጋና የቅቤ ገበታ ተሸክሟል፤ ሌላው ላባ መንቀያ ጉጠት ይዟል። ጉጠት! የታመመ ሊጠይቅ ሲመጣ ጉጠት ይዞ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስንዱ ቀፎውን ደጃፍ ላይ አውጥታ ጠበቀችው። እጅ ነሳች።

«ጃንሆይ፣ በቤታችን የታመመ ሲጠየቅ የሚባል ቃል አለ። እሱ ሳይባል ጉርሻም አይሰጥ፣ ወፏም አትናገር።»

«ምንድን ነው?»

«ሕመምሽን ለእኔ ያርገው ማለት ነው። ሕዝቡ እየሰማ።»

ንጉሡ ሳቀ። «ይሄማ ምን አለው? በየቀኑ የምለው ነገር ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ በየቀኑ ይላል። ባለቀፎ ሲታመም ይላል፣ ማሩን ግን ይወስዳል። ካባውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ሕዝቡ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ሕመምሽን ለእኔ ያርገው» አለ።

እሜቴ ያላትን ጉልበት ሁሉ ሰብስባ «ይሁን» አለች።

ሆነ።

እሜቴ ተንቀሳቀሰች፣ ላባዋ ተደላደለ፣ ዓይኗ ጠራ። ንጉሡ ደግሞ ካባው ውስጥ ተነፋ። ዓይኑ ተከደነ። በሁለት እግሩ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለሕዝቡ «ሺ ዓመት በሉኝ» ብሎ ሊያዝ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም።

ሹማምንቱ ተንጫጩ። «ጃንሆይ ደከማቸው። ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም እኮ» አሉ። ገበታውን አቀረቡ። የወጥ ቤቱ አዛዥ «በሞቴ» ብሎ አጎረሰው። አጋፋሪው «አፈር ስሆን ስቅ» ብሎ አጎረሰው። ንጉሡ ራሱን ነቀነቀ፣ በእጁ ገፋ፣ አፉን ገጠመ። «አይ፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው» አሉና የባሰ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። እምቢ እንዳይል ድምፅ የለው። ዓይኑ በእንባ ሞላ። አሁን ገባው። እኔ በበኩሌ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስንዱ ግን አልቻለችም። ገበታውን በእግሯ ገለበጠችው።

«ተዉት! ሰውዬው ታሟል። የታመመ አፉን ከገጠመ አልፈልግም ማለቱ ነው። ስትወዱት እንዲህ ካደረጋችሁት፣ ብትጠሉት ምን ልታደርጉት ነበር?»

ስንዱ ወደ ንጉሡ ዞረች።

«ጃንሆይ፣ መናገር ካቃተዎ፣ እሺ ለማለት ራስዎን ከላይ ወደ ታች ይነቅንቁልኝ። እሜቴን ዳግመኛ አይነኩም?»

ነቀነቀ።

«ማሩንስ ለባለቀፎው ይተዋሉ?»

ንጉሡ ለማሰብ ቆም አለ። አጋፋሪው ከመሬት የተረፈች ጉርሻ አንስቶ «በሞቴ ስቅ» እያለ ጠጋ አለ። ንጉሡ ይሄን ሲያይ አንገቱ እስኪላቀቅ ነቀነቀ። ሕዝቡ አየ። ምስክር ሆነ።

ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? እኔ ብሆን በሬን ዘግቼ እገባ ነበር። እሷ ግን ንጉሡን ቤቷ አስገባችው። ጨለም ያለ ጥግ አስተኛችው። ድንጋይ አሙቃ ከእግሩ ሥር አኖረች። ውሃ በማር በጥብጣ ጠብ አደረገችለት። ሲውጥ ሰጠችው፣ ሳይውጥ ተወችው። ሹማምንቱን ከደጅ አባረረች። ሰነበተና ዳነ። ማሩንም ተወ፤ መቼም ምስክር ፊት ነቀነቀ። እስኪሞት ድረስ ግን ሰው ሊያጎርሰው እጁን ሲያነሳ ከወንበሩ ሥር ይገባ ነበር አሉ።

በሌላው ዓመት መስቀል፣ ሕዝቡ ከንጉሡ ጋር በድንበሩ ደጅ ሲያልፍ፣ ልማድ ሆኖበት «ሺ ዓመት ይንገሡ» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ደነገጠ። ሁሉም ዞሮ የድንበሩን ቤት አየ፤ ንጉሡም ቀና ብሎ አየ። እሜቴ ቀፎዋ አፍ ላይ፣ አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ሸሽጋ ለጥ ብላ ተኝታ ነበር። ስንዱ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለቻቸው። ሕዝቡም፣ ንጉሡም በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ሄዱ።

ልጆች፣ ስሙኝ። የታመመ ስትጠይቁ፣ ሰውም ይሁን ወፍ፣ እናንተ የምትወዱትን ሳይሆን ለእሱ የሚስማማውን ስጡት። አልፈልግም ካለ ተዉት። ለእኔ ያርገው ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ውሃ አቅርቡለት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን በጉርሻ አታብሱ።