ጅብ የጠበቀው የውሃ ፓምፕ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በራቃት አንዲት የቆላ መንደር አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ውሃ የሚገኘው ከሩቅ ወንዝ ነው፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ውርንጭላው መንገዱን ስለማይችል እናቱ ጀሪካኗን ተሸክማ እስክትመለስ አፉ ደርቆ ይጠብቃታል።

ይህን የሰሙ የማዶ አገር ዝሆኖች «እንርዳችሁ» ብለው መጡ። ጉድጓድ ቆፍረው የእጅ ፓምፕ ተከሉ። ውሃው ኩልል ብሎ ወጣ፤ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። በምርቃቱ ቀን ዋናው ዝሆን መንደርተኛውን ሰበሰበ።

«ከእንግዲህ ፓምፑ የናንተ ነው» አለ። «ውሃውን የሚስበው እዚህ ክዳን ሥር ያለው ቆዳ ነው፤ ቆዳው ከጠፋ ውሃም የለም። ዘበኛ ምረጡለት።»

ቀበሮ ብድግ አለ። «ከአያ ጅቦ የተሻለ ማን አለ? ጥርሱን አይቶ የሚጠጋ ሌባ የለም!»

ቀበሮ ለፓምፑ ተጨንቆ አይደለም። ጅብ እዚያ ከዋለ በየሜዳው የወደቀውን ጥንብ ብቻውን ሊበላ አስቦ ነው። ጅብ ግን ሹመቱ ደስ አለውና ደረቱን ነፋ።

አህያ ደነገጠች። ባለፈው ክረምት የጭነቷን የቆዳ ጠፍር ከነማሰሪያው የበላባት ይኸው ጅብ ነበር።

«የሚቃወም አለ?» አለ ዝሆን።

አህያ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በእንግዳ ፊት የመንደርን ገመና ማውጣት ነውር ነው ሲባል ሰምታ ያደገች ናት። ሌሎቹም ጅብን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እነሱም ዝም። ጅብ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ ተጨበጨበለትም።

ጅብ ሦስት ቀን ደህና አድርጎ ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ራበው። ጥንቡን ሁሉ ቀበሮ ጨርሶታል፤ የቆዳው ሽታ ደግሞ አፍንጫው ሥር ነው። ክዳኑን በጥርሱ ፈለቀቀና «ጫፉን ብቻ ልቅመስ» አለ። ጫፉ ጣመው። መሃሉማ ይብስ ጣመው።

በማግስቱ አህያ እጀታውን ብትጫን ብትጫን ጠብ የሚል ጠፋ።

«አያ ጅቦ፣ ቆዳው የት ሄደ?»

«ሌባ ወሰደው።»

«ዘበኛው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! ሌባው ሲወስደው ከአጠገቡ አልተለየሁም።»

መንደርተኛው አጉረመረመና «የዝሆኖቹ ፓምፕ ነው፤ ሲመጡ ይጠግኑታል» ብሎ ወደ ወንዙ መመላለሱን ቀጠለ።

ከሁለት ወር በኋላ ዝሆን ሊጎበኛቸው መጣ። ቀበሮ የፓምፑን ዙሪያ ጠርጎ፣ አበባ ነስንሶ ጠበቀው።

«ፓምፑ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ደህና ነው! ዛሬ ብቻ አሳርፈነው ነው» አለ ቀበሮ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ዝሆን ደስ ብሎት ሊሄድ ዞረ።

አህያ ወደ ውርንጭላዋ ተመለከተች። ግራሩ ሥር ተጋድሟል፤ ከትናንት ጀምሮ መቆም አቅቶታል።

«ጋሼ ዝሆን፣ አይሂዱብኝ!» አለች። «ፓምፑ ከቆመ ሁለት ወሩ ነው። ቆዳውን ጅብ በልቶታል። እንደሚበላውም አውቅ ነበር፤ እርስዎ ፊት አፍሬ ዝም አልኩ።»

ቀበሮ ቀስ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው አፈገፈገ።

«ጠይቄያችሁ ነበር እኮ» አለ ዝሆን አዝኖ። ከጓዙ ቆዳ አውጥቶ ገጠመ። «አሁንስ ማን ይጠብቀው?»

«እኔ» አለች አህያ። «ውሃው ቢቋረጥ ቀድሞ የሚጠማው የኔ ልጅ ነው። ደግሞ እኔ ሣር እንጂ ቆዳ አልበላም።»

«እኔስ? ከሥራ ተባረርኩ ማለት ነው?» አለ ጅብ።

«አዎ፣ ተባረርክ» አለችው ከመንደርተኛው መሃል ፍየል፣ እንግዳው እየሰማ።

ያን ቀን ከፓምፑ መጀመሪያ የጠጣው ውርንጭላው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ እንግዳ ፊት ላለማፈር ብለን የደበቅነው እውነት እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚያስጠማው የራሳችንን ልጅ መሆኑን ነው።